ልብ ተቆርጦ አይበቅልም፤ ያለንን ጠብቁልን

ለከተማችን የጤና አገልግሎትና የመድኃኒት ቁጥጥር ኃላፊዎች
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከጤና ጣቢያ ስለተነሣብን የልብ ሕሙማን የወር ፔኒሲሊን መርፌና «ልብን ያድሳል» እየተባለ ስለሚሸጥብን ካፕሱል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በባሕር ዳርና በጣና ዳር የምንኖር 43 ሰዎች ነን። አንዳንዶቻችን የልብ ሕመምተኞች ነን። ሌሎቻችን ልጅ፣ ሚስት፣ አባት እናስታምማለን። የተመዘገበ ማኅበር የለንም። የተዋወቅነው በቀጠሮ ቀን፣ ካርድ ክፍል በር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ነው። ወረፋ ስንጠብቅ ስልክ ተለዋወጥን፤ መድኃኒት ሲጠፋ መጠያየቅ ጀመርን፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ቤተሰብ ሆንን።

በየካቲት ወር ስለ መርፌውና ስለ ካፕሱሉ ሁለት አቤቱታ በጽሑፍ አስገብተን ነበር። መልሱ በሚያዝያ በቃል ተነገረን። የወር መርፌው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሆስፒታል ብቻ እንዲሰጥ ተወስኗል ተባልን። ስለ ካፕሱሉ ደግሞ «ምግብ ነክ ነው፤ ሰው በገዛ ገንዘቡ ቢገዛ እኛ ምን እናድርግ?» ተባልን። ሁለቱ መልሶች እኛ ቤት ምን እንዳስከተሉ እንድታውቁልን ነው ዛሬ በአደባባይ የምንጽፈው።

ከካፕሱሉ ልጀምር።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በአንድ የሆቴል አዳራሽ ነጻ የጤና ትምህርት አለ ተብሎ ተጠራን። ከመካከላችን 9 ሰዎች ሄድን። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት በፕሮጀክተር ሥዕል ያሳያል። «ልባችሁ ውስጥ የተኛ ስቴም ሴል አለ፤ ይህ ካፕሱል ይቀሰቅሰዋል፤ በ90 ቀን አዲስ ልብ ይኖራችኋል» አለ። ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ ማለት ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል መነሻ ሕዋስ ነው። ልቡ ተቆርጦ መልሶ የሚያበቅል ዓሣ በቪዲዮ አሳየን። ከዚያ ዋጋው መጣ። የአንድ ወሩ 7,500 ብር ነው፤ ሦስት ወር ካልተወሰደ ደግሞ አይሠራም። ከሁሉ የከፋው መጨረሻ ላይ ነበር። «ኬሚካል መድኃኒት አዲሱን ሕዋስ ይገድለዋል፤ ለጊዜው አቁሙት» አለን።

ከዘጌ በኩል የምትመጣ አንዲት እናት አለችን። ሁለተኛ ልጇን በወለደች በወሩ ልብ ድካም ያዛት። በሐኪም መድኃኒት ደህና ሆና ነበር። ውኃ ትቀዳ ነበር፤ ልጇን አዝላ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። ባሏ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው። ወይፈን ሸጦ የሦስት ወር ካፕሱል ገዛላት። የወደዳትን ያህል ነው ያደረገው፤ ማንም እንዳይወቅሰው። ክኒኖቿን አቆመች። በሦስተኛው ሳምንት እግሯ አበጠ። ጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቶሎ አይመለስም። መተኛት አቃታት። ሌሊቱን በጀልባ ሲያመጧት በሁለት ጆንያ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ፣ አፏን ከፍታ አየር እየፈለገች ነው የደረሰችው። 11 ቀን ተኝታ ወጣች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለች። ልቧ ግን በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም።

ሌላው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው ነበር። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ 380 ሜትሩን ሳያርፉ ተሻግረው፣ ወዲያ ማዶ ሆነው ስልክ የደወሉልን እሳቸው ናቸው። እንደ ልጅ ነበር የተደሰቱት። ካፕሱሉን ጀምረው መድኃኒታቸውን ካቆሙ በኋላ ያንኑ ድልድይ ሲሻገሩ ሦስት ጊዜ ብረቱን ይዘው ቆሙ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ ነገሩን ማስረዳት ግዴታዬ ነው። ውሸቱ ከእውነት ተቆርሶ የተሠራ ስለሆነ የተማረውንም ያታልላል።

ዓሣው እውነት ነው። ዜብራ ዓሣ ይባላል፤ አገሩ ሕንድና አካባቢዋ ነው። ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም። ከጣናችን ነጭ ዓሣ ጋር የሩቅ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች የልቡን የታችኛ ክፍል አንድ አምስተኛ ቆርጠው አወጡ። በሁለት ወር ተመልሶ በቀለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በተወለደች ማግስት ልቧ የተቆረጠ አይጥ ልቧን መልሳ እንደምታበቅል ታየ። በሰባተኛው ቀን ሲሞከር ግን ያ ችሎታ ጠፍቷል። አንድ ሳምንት ብቻ ናት የተሰጠቻት።

የአዋቂ ሰው ልብ ግን እንዴት ነው? እዚህ ላይ የስዊድን ተመራማሪዎች የሠሩት ሥራ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ኃያላን አገሮች በአየር ላይ ያፈነዱት የኑክሌር ቦምብ በከባቢ አየር ውስጥ ካርቦን 14 የሚባለውን የካርቦን ዓይነት አበዛው። እ.ኤ.አ. በ1963 በስምምነት የአየር ላይ ሙከራው ሲገታ መጠኑ መቀነስ ጀመረ። ያ ካርቦን በዓለም ሁሉ ወዳለ ሰብል ገብቷል፤ የእኛም ጤፍ አልቀረለትም። ሕዋስ ሲወለድ የዘር ቅንጣቱ የዚያን ዓመት ካርቦን ይይዛል። እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን አንብበው እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳወቁ። በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት ከመቶ የጡንቻ ሕዋሳት አንዱ ያህል ይተካል። በ75 ዓመት ሰው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ ከግማሽ በላይ የልቡ ጡንቻ ሕዋሳት አብረውት የተወለዱት ናቸው።

ስለዚህ የአዋቂ ልብ ፈጽሞ አይታደስም ማለት ስሕተት ነው። ይታደሳል፤ ግን እጅግ በዝግታ። አንድ ከባድ የልብ ደም ሥር መዘጋት በሰዓታት ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ ሕዋሳትን ሊገድል ይችላል። በዓመት ከመቶ አንድ የሚተካ ልብ ይህን ጉዳት ተክቶ አይጨርስም። ቦታው በጠባሳ ይሞላል። ጠባሳ ደግሞ አይመታም፤ ደም አይገፋም።

አዳራሹ ውስጥ ያሳዩን «የተኛ ስቴም ሴል» የሚለው ሐሳብም ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በፒዬሮ አንቬርሳ የሚመራ ቡድን የአዋቂ ልብ በግንደ ሕዋስ ይታደሳል የሚሉ ጥናቶች አወጣ። ዓለም ተደሰተ። ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት ግን አልሆነላቸውም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትና ቡድኑ ይሠራበት የነበረው ሆስፒታል ከላቦራቶሪው የወጡ 31 ጽሑፎች የተቀየረ ወይም የፈጠራ መረጃ ስላለባቸው እንዲሰረዙ ጠየቁ። በዚያው ወር በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ በሕሙማን ላይ ይካሄድ የነበረ ሙከራ ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ። ሃርቫርድ ጽሑፎቹ ይሰረዙ ያለበት ሐሳብ ባሕር ዳር ላይ በካርቶን ይሸጣል። ይህ ነው የሚያንገበግበን።

እውነተኛው ምርምር አልቆመም፤ ተስፋችንም ከዚያ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአዋቂ አይጥን የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት መለሱ፤ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ ከእንዲህ ያለ ሕዋስ የሚመታ የልብ ጡንቻ እየተሠራ በጃፓንና በጀርመን በታመመ ልብ ላይ እንደ ጨርቅ ተጥፎ እየተሞከረ ነው። ይህ ደረት ተከፍቶ፣ በሐኪሞች ክትትል የሚደረግ ነገር ነው። በውኃ የሚዋጥ አይደለም። ሕያው ሕዋስ ካፕሱል ውስጥ ደርቆ፣ መደርደሪያ ላይ ወራት ቆይቶ፣ በጨጓራ አሲድ አልፎ ልብ አይደርስም።

አንዱን ካፕሱል ሾፌሩ ሰጡኝና ወደ ድሮ ትምህርት ቤቴ ወሰድኩት። የላቦራቶሪው ልጅ ተማሪዬ ነበር። ካፕሱሉን ከፈትነው፤ ቡናማ ዱቄት ነው፤ የደረቀ ሣር ሣር ይላል። በአንድ ጠብታ ውኃ በጥብጠን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግነው። የታየን የተፈጨ ቅጠል ነው። የተክል ሕዋስ ግድግዳ ስብርባሪ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነጠብጣብ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ ይህን ነው በሰባት ሺህ ብር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቅጠሉ ራሱ ሌላ ስጋት አለው። ከመካከላችን ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመላቸውና ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስዱ አሉ። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ጎመን እንኳ መጠኑ ድንገት እንዳይለዋወጥባቸው ነው የሚመከሩት። ታዲያ ምንነቱ የማይታወቅ የደረቀ ቅጠል በየቀኑ የሚውጥ ሰው ደሙ ቢረጋበት ተጠያቂው ማነው? «ምግብ ነክ ነው» የሚለው መልስ ለእነዚህ ልጆች አይሆንም።

ጸበል የሚሄዱ አሉን፤ እኔም እሄዳለሁ። የምንሄድበት ቦታ ያሉት አባት «መድኃኒታችሁን እንዳትተዉ» ብለው ነው የሚያጠምቁን። የሐኪም መድኃኒት አቁሙ ያለን ያ ነጭ ጋውን የለበሰው ሰው ብቻ ነው።

ልብ ማገገሙን አንክድም። የዘጌዋ እናት ደህና ሆና የነበረው ልቧ ስለበቀለ አይደለም። መድኃኒቱ ሸክሙን አቅልሎለት የደከመው ጡንቻ ስላረፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ጥናት የደከመ ልባቸው በተገጠመ ፓምፕ ሲታገዝ ባገገሙ ሰዎች ላይ ሕዋሳት ከጤነኛ ልብ እንኳ ከስድስት እጥፍ በላይ በፍጥነት እንደሚተኩ አሳይቷል። ያ ፓምፕ እኛ ዘንድ የለም። ልብን የማሳረፍ ነገር ግን በየቀኑ በምትዋጠው ክኒን ይጀምራል። ያቺን ነው ያስጣሉን።

አሁን ወደ መርፌው።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። 9 ዓመቷ ላይ ቶንሲል አመማት፤ በቤት ውስጥ በዝንጅብልና በማር አለፍነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ ቀጥሎ ክርኗ። ቶንሲሉ ወደ ልቧ ሄዶ ነበር። ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ አላወቅኩም። ሰውነቷ የጉሮሮውን ባክቴሪያ ለመውጋት ሲነሣ የራሷን የልብ በር አብሮ አቆሰለው። በሐኪሞች ቋንቋ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የልብ በር እንደ ስስ ቆዳ ያለ ነገር ነው። አንዴ ጠባሳ ከያዘ፣ ከተጣበቀ፣ የትኛውም ስቴም ሴል አይመልሰውም። የሚቻለው ባክቴሪያው ዳግም እንዳይመጣ በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን መወጋት ነው።

መርፌውን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ነጭ ዱቄት ነው። ነርሷ ውኃ ጨምራ ብልቃጡን በሁለት መዳፏ መካከል ታሽከረክረዋለች። እንደ ወተት ይወፍራል። ቆም ካለች መርፌው ይደፈናል፤ ቶሎ ከገፋች ደግሞ ልጅቷን ያማታል። ልጄ የነጠላዬን ጫፍ ነክሳ ዓይኖቿን ትጨፍናለች። ከዚያ እያነከሰች ትወጣና ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው። በሰባት ዓመት የልቧ በር አልባሰም። ይህ ተአምር የተሠራው በቤታችን አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። የ15 ደቂቃ መንገድ ነው።

ውሳኔው ይህን ነው የወሰደብን። ምክንያቱ ይገባናል። መርፌው አንዳንዴ ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል፤ ባለሙያው ይፈራል። ፍርሃቱን አናጣጥልም። ግን አለርጂውን የሚያስታግሰው አድሬናሊን በእጁ ያለና የሠለጠነ ነርስ ሊቆጣጠረው የሚችል፣ እምብዛም የማይከሰት ነገር ነው። የመርፌው መቅረት የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ነው። በኡጋንዳ ሕመሙ ገና በአልትራሳውንድ ብቻ የሚታይ ልጆችን ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። መርፌውን ከወሰዱት 399 ልጆች የባሰባቸው 3 ናቸው። ካልወሰዱት 400 ልጆች ደግሞ 33 ናቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል፤ ሐኪሞቻችሁ ያውቁታል።

ከቁንዝላ በኩል የሚመጣ የ12 ዓመት ልጅ አለ። በፊት እዚያው በቅርብ ይወጋ ነበር። አሁን ባሕር ዳር ድረስ መምጣት አለበት። መንገድ ተዘጋ፤ ሲከፈት ደግሞ አባቱ የመኪና መሳፈሪያ አጣ። ሦስት መርፌ አለፈው። በሚያዝያ ሲመጣ ትኩሳት ነበረው፤ መገጣጠሚያው ሁሉ ያብጥ ነበር። ሕመሙ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ቀላል የነበረው የልብ በሩ ጉዳት አሁን ከባድ ሆኗል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተብሏል። ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ይሄዳል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙበት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል እዚያ አለ፤ ስንቱን ልጅ አድኗል። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ተራ የሚጠብቁበት ነው። ይህ ልጅ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ቁንዝላ ሳለ በየወሩ ቢወጋ ኖሮ ሰልፉ ውስጥ ባልገባ ነበር።

ሦስተኛ ቅሬታችን አጭር ነው። ዋርፋሪን የሚወስዱ ልጆቻችን ደማቸው ምን ያህል እንደሚቀጥን በየጊዜው መለካት አለበት። የመመርመሪያው ኬሚካል አለቀ እየተባለ በወር ሁለት ጊዜ ይመለሳሉ። ወደ ግል ላቦራቶሪ ይላካሉ። የጤና መድን ካርዳቸው እዚያ አይሠራም።

ስለዚህ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምንጠይቃችሁ ይህንን ነው።

የወር መርፌው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይመለስልን። ነርሶቹ ይሠልጥኑ፤ አድሬናሊን በየክፍሉ ይቀመጥ፤ አለርጂ ቢነሣ ነርሷ ብቻዋን እንደማትጠየቅ በጽሑፍ ይነገራት። ከባሕር ዳር ውጭ በሐይቁ ዳር ላሉት፣ መንገድ ሲዘጋ መርፌው በጀልባ የሚደርስበት መንገድ ይታሰብ። የከባድ ሕሙማኑ ብቻ ሆስፒታል ቢወጉ አንቃወምም፤ ሐኪም ለይቶ ይወስን።

ካፕሱሉ ናሙናው ተወስዶ ይመርመርልን፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። እኛ ያየነው በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነው፤ እናንተ ከዚያ የተሻለ አላችሁ። ልብን ያድሳል ብሎ በአዳራሽ መሸጥ ደግሞ አሁኑኑ ይቁም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አዲስ ሕግ አልጠየቅንም።

በከተማችን ሬዲዮ፣ በተራ አማርኛ፣ «የልብ መድኃኒታችሁን ሐኪም ሳያዝ አታቁሙ» የሚል መልእክት በተከታታይ ይነገርልን። ከእኛ መካከል መጥተው የሚመሰክሩ አሉ። የዘጌዋ እናት «እኔ እናገራለሁ» ብላለች።

የደም መርጋት መመርመሪያው እንዳይቋረጥ፣ ሲቋረጥም የጤና መድን ካርዱ በሌላ ቦታ እንዲሠራ ይደረግልን።

መልሳችሁን ደግሞ በጽሑፍ ስጡን። በቃል የተነገረንን ለቁንዝላው ልጅ አባት ማሳየት አልቻልንም። የሚቀጥለው የመርፌ ቀናችን ሰኔ 12 ነው። ልጆቹን ይዘን ወዴት እንደምንሄድ ከዚያ በፊት እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር

ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ መምህርትና የልብ ሕመምተኛ ልጅ እናት፣
የ43ቱ የልብ ሕሙማንና አስታማሚዎች ተወካይ
ባሕር ዳር፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.